ቅርጻ ቅርጽ መሰል የጌጥ የእጅ ሰዓቶች

ቅርጻ ቅርጽ መሰል የጌጥ የእጅ ሰዓት ሰዓትነቱና ጌጥነቱ ሳይነጣጠሉ እንደ አንድ ቅርጽ የታቀደ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከወርቅና ከከበሩ ድንጋዮች የሚሠራ የእጅ ሰዓት ነው። በተለመደው የእጅ ሰዓት መጀመሪያ ክብ ወይም አራት ማዕዘን ቤት ይሠራል፣ ከዚያ ማሰሪያ ይገጠምለታል፤ ውድ እንዲሆን ከተፈለገም በዙሪያው አልማዝ ይደረደራል። በዚህኛው ዓይነት ግን የሰዓቱ ቤት፣ ፊቱና ማሰሪያው ከመጀመሪያው አንድ ላይ ይነደፋሉ። ውጤቱ ሰፊ አምባር፣ የተጠቀለለ እባብ፣ የዛፍ ቅርፊት ወይም በእሳት የቀለጠ የሚመስል ሞላላ ነገር ሊሆን ይችላል። አንዳንዱን ቀርቦ ያላየ ሰው ሰዓት መሆኑን አያውቅም።

እነዚህ ሰዓቶች በብዛት የተሠሩት ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ፣ በተለይ በስዊዘርላንድ፣ በለንደንና በሮም ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ታሪካቸው ብዙ ጊዜ እንደ ፋሽን ታሪክ ይነገራል፦ ወጣቶች አጭር ቀሚስ ለበሱ፣ ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ፣ ሰዓቱም አብሮ ተለወጠ የሚል። ይህ ሐሰት ባይሆንም ጎደሎ ነው። ቅርጹን ነጻ ያወጡት ሁለት ተጨባጭ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ በጣም የሳሳ የሰዓት ማሽን፣ ሌላው ርካሽ ወርቅ ነው። በ1970ዎቹ ሁለቱም ነገሮች ተለወጡ፤ ከተሠሩት ሰዓቶች መካከል ቀላል የማይባሉትም ለወርቃቸው ሲባል ቀለጡ።

ማሽኑ ለምን መሳሳት ነበረበት

በእጅ በሚሞላ ሰዓት ውስጥ ኃይሉ የሚመጣው ከተጠቀለለ ሞላ ነው። ሞላው ቀስ በቀስ ሲፈታ ጥርስ ያላቸውን ጎማዎች ይገፋል፤ ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ ትንሽ ጎማ ደግሞ ፍጥነቱን ትቆጣጠራለች። እነዚህ ክፍሎች ብዙውን ጊዜ ተደራርበው ስለሚቀመጡ ማሽኑ ይወፍራል። በማሽኑ ውፍረት ላይ የታችኛው ክዳን፣ የሰዓቱ ፊት፣ ቆጣሪዎቹ የሚዞሩበት ክፍተትና መስተዋቱ ይጨመራሉ። ማሽኑ ወፍራም ከሆነ ነዳፊው ጊዜውን የሚያጠፋው እሱን በመደበቅ ነው፤ ለቅርጽ የሚተርፍለት ቦታ የለም።

ለዚህ ችግር ሁለት ዓይነት መፍትሔ ነበር። አንደኛው ማሽኑን በሁሉም አቅጣጫ ማሳነስ ነው። ጄገር-ለኩልትር የተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ በ1929 ያወጣው ካሊበር 101 የተባለ ማሽን (ካሊበር በሰዓት ሠሪዎች ዘንድ የአንድ ማሽን ዓይነት መጠሪያ ነው) ክብደቱ 1 ግራም ያህል ብቻ ነው። ርዝመቱ 14 ሚሊሜትር፣ ስፋቱ ከ5 ሚሊሜትር ያነሰ፣ ክፍሎቹም በሁለት ደረጃ የተደረደሩ ናቸው። ስለዚህ በቀጭን የአልማዝ አምባር ውስጥ እንደ አንዱ ዘለላ ሆኖ ሊገባ ይችላል። የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት በ1953 ዘውድ ስትጭን በእጇ ላይ የነበረው ሰዓት ይህን ማሽን የያዘ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለ ማሽን ለመሥራትም ለመጠገንም እጅግ አስቸጋሪ በመሆኑ በብዛት የሚወጣ አይደለም፤ የሰዓቱ ፊትም ከማሽኑ ጋር ስለሚያንስ ለማንበብ ያስቸግራል።

ሁለተኛው መንገድ ማሽኑ ሰፋ ብሎ እንዲሳሳ ማድረግ ነው። በስዊዘርላንድ ዡራ ተራሮች ውስጥ ላ ኮት-ኦ-ፌ በምትባል መንደር በ1874 የተመሠረተው ፒያዤ የተባለው ድርጅት መጀመሪያ ለሌሎች ኩባንያዎች ማሽን የሚያቀርብ ነበር። በ1957 ግን ካሊበር 9ፒ የተባለውን፣ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር ብቻ የሆነ በእጅ የሚሞላ ማሽን አወጣ። ይህ ማለት ሦስት የኤቲኤም ካርዶች ቢደራረቡ ከሚኖራቸው ውፍረት ያነሰ ነው። በ1960 ደግሞ ካሊበር 12ፒ ተከተለ፤ ይህኛው በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ ሆኖ ውፍረቱ 2.3 ሚሊሜትር ነበር። ራሱን በሚሞላ ሰዓት ውስጥ የሚዞር ክብደት ያስፈልጋል፤ በተለመደው አሠራር ይህ ክብደት ከማሽኑ በላይ ስለሚቀመጥ ያወፍረዋል። ፒያዤ ክብደቱን አሳንሶ ከሌሎቹ ክፍሎች ጎን ቀበረው። ያነሰው ክብደት ሞላውን ለማዞር በቂ ጉልበት እንዲኖረው ከንጹሕ ወርቅ ተሠራ፤ ወርቅ ከነሐስም ከብረትም ይልቅ ከባድ ነውና። ወርቅ እዚህ ቦታ የገባው ለውበት ሳይሆን ለፊዚክስ ነው።

መሳሳት ያለ ኪሳራ አይመጣም። የሳሳ ማሽን ሰሌዳው በትንሽ ጫና ሊጎብጥ ይችላል፤ በጎማዎቹ መካከል ያለው ክፍተት በጣም ጠባብ ስለሆነ ትንሽ አቧራ ወይም የደረቀ ዘይት ያቆመዋል። ዛሬ ከእነዚህ ሰዓቶች አንዱን ለመጠገን የሚደፍር ባለሙያ ብዙ አይደለም።

ከሚዛን የወጣ ቅርጽ

ጄኔቫ ውስጥ ለውጡ የጀመረው ከማሽን ክፍል ሳይሆን ከንድፍ ክፍል ነው። በ1930 ጄኔቫ የተወለደው ወርቅ ሠሪ ዢልበር አልቤር በ1955 የፓቴክ ፊሊፕ የንድፍ ኃላፊ ሆነ። ፓቴክ ፊሊፕ በጥንቃቄውና በወግ አጥባቂነቱ የሚታወቅ ቤት ነበር፤ አልቤር ግን ሦስት ማዕዘን፣ የተዛባ አራት ማዕዘን፣ ግራና ቀኙ የማይመሳሰል የሰዓት ቤት ነደፈለት። ሪኮሼ የተባሉት የኪስ ሰዓቶቹ በውኃ ዳር የሚለቀሙ ለስላሳ ጠጠሮችን ይመስላሉ። አልቤር እንደ ብራንኩሺ ካሉ የዘመኑ ቅርጻ ቅርጽ ሠሪዎች ብዙ ወስዷል። በ1962 ከኩባንያው ወጥቶ የራሱን ወርክሾፕ ከፈተ። ሥራዎቹ በዚያን ጊዜ ጥቂት ገዢ ብቻ ነበራቸው፤ አንድ ቁም ነገር ግን አረጋግጠዋል፦ ክብ ማሽን ያለው ሰዓት ክብ መሆን የለበትም። ማሽኑ እስካነሰ ድረስ የውጪው መስመር ወደፈለገበት ሊሄድ ይችላል።

የድንጋይ ፊት

የሳሳው ማሽን ያመጣው ሌላው ለውጥ የሰዓቱን ፊት ከድንጋይ መሥራት ነው። የተለመደው የሰዓት ፊት ከአንድ ሚሊሜትር ግማሽ የማይበልጥ ቀጭን የነሐስ ሰሌዳ ሲሆን ቀለም ይቀባል። ድንጋይ ግን እንደዚያ ሊሳሳ አይወድም፤ በቀላሉ ይሰበራል። ስለዚህ ተጨማሪ ውፍረት ይጠይቃል። ማሽኑ 2 ሚሊሜትር ብቻ ሲሆን ያ ተጨማሪ ውፍረት የሚያርፍበት ቦታ ተገኘ። ፒያዤ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከላፒስ ላዙሊ፣ ከማላካይት፣ ከኦፓል፣ ከጄድ፣ ከኦኒክስና የነብር ዓይን ከሚባለው ድንጋይ የሰዓት ፊት ማውጣት ጀመረ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከጥሬው ድንጋይ ላይ ሥርና ስንጥቅ የሌለበት ቦታ ይመረጣል፤ በአልማዝ መጋዝ ተቆርጦ ከአንድ ሚሊሜትር እስኪያንስ ድረስ ይፋቃል፤ ከሥሩ በብረት ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። አደገኛው ሥራ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። የቆጣሪዎቹ ዘንግ የሚያልፍበት ቀዳዳ መሐሉ ላይ ሲበሳ ድንጋዩ ሊሰነጠቅ ይችላል። እስከዚያ ድረስ የተደከመበት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠፋል።

ድንጋዩ የራሱ መልክ ስላለው የሰዓቱ ፊት ላይ ቁጥር መጻፍ አላስፈለገም። ብዙዎቹ ቁጥርም የሰዓት ምልክትም የላቸውም፤ ሁለት ቀጫጭን ቆጣሪዎችና የኩባንያው ስም ብቻ ናቸው የሚታዩት። ከእነዚህ ሁሉ በጣም የታወቀው ዣክሊን ኬኔዲ የነበራት ሞላላ የፒያዤ ሰዓት ሳይሆን አይቀርም። ፊቱ አረንጓዴ ጄድ ሲሆን ዙሪያው በአልማዝና በኤመራልድ የተከበበ ነው። ኩባንያው ሰዓቱን ቆይቶ መልሶ ገዝቶ በራሱ ስብስብ ውስጥ አስቀምጦታል።

የ1969ኙ የፒያዤ ስብስብ

ፒያዤ በ1957 አካባቢ ሰዓቶቹን ከወርቅና ከፕላቲነም ብቻ ለመሥራት ወሰነ፤ በ1960ዎቹም የጄኔቫ ወርቅ ሠሪዎችን ወርክሾፖች ወደ ራሱ ጠቀለለ። በዚህ ምክንያት ማሽን ሠሪውና ወርቅ ሠሪው በአንድ ድርጅት ሥር ሆኑ። ይህ ትንሽ የአስተዳደር ጉዳይ ይመስላል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ኩባንያዎች የሰዓት ቤትና አምባር የሚያስመጡት ከውጪ አቅራቢ ስለነበር ነዳፊው አቅራቢው ሊሠራ ከሚችለው በላይ ማለም አይችልም ነበር።

ውጤቱ በ1969 በባዝል የሰዓት ትርዒት ላይ ታየ። ስብስቡ የ21ኛው ክፍለ ዘመን ስብስብ ተባለ። ሁለት ዓይነት ሥራዎች ጎልተው ወጡ። አንዱ ክንድን የሚያቅፍ ሰፊ የወርቅ አምባር ሲሆን ሰዓቱ በውስጡ ትንሽ መስኮት ይመስላል፤ መስኮቱም ሁልጊዜ መሐል ላይ አይደለም። ሌላው በአንገት ላይ የሚንጠለጠል ረዥም ሐብል ነው፤ ከወርቅ ሽቦ የተገመደ ሆኖ ከጫፉ ላይ ሰዓት ይወርዳል። ነዳፊዎቹ የፓሪስን የልብስ ትርዒቶች እንዲመለከቱ፣ ከሰዓት ሳይሆን ከልብስ እንዲነሱ ተደርገው ነበር። የሴት ሰዓት የወንድ ሰዓት ታናሽ ቅጂ ነው የሚለው አሮጌ ልማድ እዚህ ላይ ተሰበረ።

ወርቁ ራሱ ለስላሳና አንጸባራቂ አልነበረም። በመሮ እየተፋቀ የዛፍ ቅርፊት፣ የሐር ጨርቅ፣ የእንስሳ ጠጉር መልክ ይሰጠው ነበር። እያንዳንዱ ጭረት በእጅ የሚወጣ በመሆኑ ሁለት አምባሮች ፍጹም አንድ አይሆኑም። በኋላ እንደምናየው፣ አሮጌ ሰዓቶችን ለመለየት ከማሽኑ ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ጭረት ነው።

ለንደን፦ ክራሽ እና ግሪማ

በ1967 የካርቲየር የለንደን ቅርንጫፍ ክራሽ የተባለውን ሰዓት አወጣ። ቅርጹ ሞላላ ሆኖ አንድ ጎኑ የተጨፈለቀ፣ ሌላው የተጎተተ ይመስላል። ስለ አመጣጡ የሚነገረው ወሬ ከሰዓቱ ይበልጥ ታዋቂ ነው፤ አንድ ደንበኛ በመኪና አደጋ ሰዓቱ ቀልጦ ስለመጣ ከዚያ ተቀዳ ይባላል። ሌሎች ደግሞ ሳልቫዶር ዳሊ በ1931 ከሳለው የቀለጡ ሰዓቶች ሥዕል ጋር ያያይዙታል። የቤተሰቡ ታሪክ ጸሐፊ ፍራንቼስካ ካርቲየር ብሪክል በ2019 ባወጣችው መጽሐፍ ሁለቱንም አትቀበልም። እንደ እርሷ ገለጻ የቅርንጫፉ ኃላፊ ዣን-ዣክ ካርቲየርና ነዳፊው ሩፐርት ኤመርሰን ቀደም ብሎ የነበረውን ሞላላ ሰዓት ሆን ብለው አጣመሙት። የአደጋው ወሬ ማራኪ ቢሆንም ኤመርሰን ከሠራው ሥራ አንጻር ሲታይ የሚያሳንሰው ነው።

ምክንያቱም ችግሩ ከውጪ ከሚታየው የከበደ ነበር። ማሽኑ ያልተጣመመ ነው፤ ቆጣሪዎቹ እንደማንኛውም ሰዓት ክብ ይዞራሉ። ፊቱ ግን የተጣመመ ነው። ስለዚህ የሮማ ቁጥሮቹ ከመሐሉ ያላቸው አቅጣጫ ትክክል ሆኖ፣ መልካቸው ከጠርዙ ጋር እንዲጎተት ተደርገው መሳል ነበረባቸው፤ አለዚያ ሰዓቱ ጊዜ በስሕተት ይነበብበታል። ኤመርሰን ፊቶቹን በእጁ ነበር የሚሠራቸው። የመጀመሪያው ገዢ ተዋናይ ስቱዋርት ግሬንጀር ሰዓቱ በጣም እንግዳ ስለሆነበት ከጥቂት ቀናት በኋላ መልሶታል ትላለች ብሪክል። ከእነዚያ ጥቂት የለንደን ክራሾች አንዱ በ2022 በኢንተርኔት ጨረታ ከ1.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል።

በዚያው ከተማ አንድሩ ግሪማ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ግሪማ በ1921 ሮም ውስጥ ተወልዶ እንግሊዝ ያደገ፣ በሜካኒካል ምሕንድስና የሠለጠነ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በበርማ በመሐንዲስ ጦር ያገለገለ ሰው ነው። ወደ ጌጥ ሥራ የገባው የሚስቱ አባት ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ለመያዝ ነበር። በ1948 ሁለት ነጋዴዎች አንድ ሻንጣ ሙሉ የብራዚል ድንጋይ ይዘው መጡ፤ አኳማሪን፣ ሲትሪን፣ ቱርማሊንና ሌሎችም። ግሪማ አማቱን አሳምኖ ሁሉንም አስገዛ፤ በዚያው ነዳፊ ሆኖ ቀረ።

አንዳንድ ሥራዎቹን እውነተኛ ቅጠልና የድንጋይ ሽበት በሰም ዘዴ ወደ ወርቅ በመገልበጥ ይሠራ ነበር። በዚህ ዘዴ የተፈለገው ቅርጽ በሸክላ ወይም በጀሶ ይሸፈናል፤ ሲቃጠል ውስጡ ቀልጦ ወይም ተቃጥሎ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ የቀለጠ ብረት ይፈሳል። የኢትዮጵያ የብረት መስቀሎች ብዙዎቹ የሚፈሱት በዚሁ የሰም ዘዴ ስለሆነ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይደለም።

በ1969 ኦሜጋ ግሪማን አንድ የሰዓት ስብስብ እንዲነድፍ ሙሉ ነጻነት ሰጥቶ አዘዘው። ስብስቡ በ1970 ሲወጣ 55 ሰዓቶችና ከእነርሱ ጋር የሚሄዱ ሌሎች ጌጦች ነበሩት። የግሪማ ሐሳብ ለመናገር ቀላል ነው፤ ጊዜ በከበረ ድንጋይ ውስጥ ታልፎ ይታይ። ማለትም የሰዓቱ መስተዋት በመስተዋት ፈንታ ከሲትሪን፣ ከቱርማሊን፣ ከአኳማሪን ወይም ከሌላ ብርሃን አሳላፊ ድንጋይ ተሠራ። ለመሥራት ግን ቀላል አልነበረም። ጌጥ ላይ የሚውል ድንጋይ ብዙ ገጾች እንዲኖሩት የሚቆረጠው ብርሃን እንዲሰባበርና እንዲብለጨለጭ ነው፤ በእንደዚህ ያለ ድንጋይ ውስጥ ቆጣሪ ቢታይ ግን አራትና አምስት ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ድንጋዩ በመሐሉ ጠፍጣፋ፣ በጠርዙ ደግሞ ብልጭ የሚል እንዲሆን መቆረጥ ነበረበት፤ ውስጡ ደመና ወይም ጠብታ ካለበትም አይሆንም። ይህን የሚያሟላ ትልቅ ድንጋይ ማግኘት ራሱን የቻለ አደን ነው።

ሮም፦ እባቡ

የሮሙ ቡልጋሪ እባብ መሰል ሰዓት መሥራት የጀመረው ከሌሎቹ ቀድሞ፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። የመጀመሪያዎቹ የተሠሩት ቱቦጋስ በሚባል ዘዴ ነው፤ ቃሉ በጣሊያንኛ የጋዝ ቱቦ ማለት ነው። ጠርዛቸው ወደ ላይ የታጠፈ ሁለት ረዣዥም የወርቅ ጥብጣቦች በእንጨት ወይም በመዳብ ዘንግ ላይ እርስ በርሳቸው እየተቆላለፉ ይጠቀለላሉ፤ ከዚያ ዘንጉ ይወጣል። ብየዳ የለበትም። የሚቀረው እንደ ሞላ የሚለጠጥና የሚመለስ ባዶ የወርቅ ቱቦ ሲሆን ክንድ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊዞር ይችላል። ማቆላለፊያ አያስፈልገውም።

በኋላ የመጡት እባቦች ቅርፊት ቅርፊት ያላቸው ሆነው አንዳንዶቹ በኢናሜል የተቀለሙ ናቸው። ሰዓቱ የሚገኘው በእባቡ አፍ ውስጥ ነው፤ ጭንቅላቱ ሲከፈት ይታያል። ቡልጋሪ ጌጥ ሠሪ እንጂ ሰዓት ሠሪ ስላልነበረ ማሽኑን ከጄገር-ለኩልትር፣ ከቫሽሮን ኮንስታንታንና ከመሳሰሉት ይወስድ ነበር። ኤልሳቤጥ ቴይለር በ1962 ሮም ውስጥ ክሊዮፓትራ የተባለውን ፊልም ስትሠራ በፊልሙ ቦታ ላይ ይህን ሰዓት አድርጋ የተነሣችው ፎቶ ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ አስተዋውቆታል።

ኳርትዝና የወርቅ ዋጋ

የጃፓኑ ሴይኮ በታኅሣሥ 1969 አስትሮን የተባለውን የመጀመሪያ የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ አቀረበ። በባትሪ የሚሠራና ከማንኛውም ሞላ ይበልጥ ትክክል የሆነ ሰዓት ነበር። በጥቂት ዓመታት ዋጋው ወደቀ። በ1970 የስዊዘርላንድ ሰዓት ኢንዱስትሪ 90,000 ያህል ሠራተኞች ነበሩት፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ የቀሩት ከ30,000 ትንሽ የሚበልጡ ብቻ ናቸው። የጠፉት የፋብሪካ ሠራተኞች ብቻ አልነበሩም፤ ድንጋይ ፋቂዎች፣ አምባር ገማጆች፣ ወርቅ ላይ ጭረት አውጪዎችም አብረው ሄዱ።

የሚገርመው ግን ስዊዞች በጋራ የሠሩት የመጀመሪያው የኳርትዝ ማሽን፣ ቤታ 21፣ ትልቅና ወፍራም ነበር። ፒያዤ ሲጠቀምበት ሳሱን ትቶ ውፍረቱን የሚያጎላ፣ እንደ ደረጃ የተደራረበ ትልቅ የወርቅ ቤት ሠራለት። ሠዓሊው አንዲ ዋርሆል ከእነዚህ አንዱን ገዝቷል። ማሽኑ ሲሳሳም ሲወፍርም ቅርጹን የሚወስነው እሱ መሆኑን ይህ ሰዓት ከማንኛውም በላይ ያሳያል።

ከኳርትዝ ይልቅ ለተሠሩት ሰዓቶች አደገኛ የሆነው ወርቅ ነው። እስከ ነሐሴ 1971 ድረስ የአንድ አውንስ (31.1 ግራም) ወርቅ ይፋዊ ዋጋ 35 ዶላር ነበር። በዚያ ወር ፕሬዚዳንት ኒክሰን ዶላርን ከወርቅ አላቀቁት፤ በጥር 1980 ዋጋው 850 ዶላር ደረሰ። ይህ ለአንድ አምባር ምን ማለት እንደሆነ በሒሳብ ማየት ይቻላል። 150 ግራም የሚመዝን ባለ 18 ካራት አምባር ብንወስድ፣ 18 ካራት 75 ከመቶ ወርቅ ስለሆነ በውስጡ 112.5 ግራም ማለትም 3.6 አውንስ ያህል ንጹሕ ወርቅ አለ። በ35 ዶላር ሲሰላ ወርቁ 127 ዶላር ያህል ነው፤ በ850 ዶላር ግን ከ3,000 ዶላር ይበልጣል። በመጀመሪያው ጊዜ ከወርቁ ይልቅ የእጅ ሥራው ይወደድ ስለነበር ነዳፊ ወርቅን እንደ ሸክላ ሊጫወትበት ይችል ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ግን ፋሽኑ ያለፈበት፣ ማሽኑ የቆመ ሰዓት መሳቢያ ውስጥ ያለው ሰው ለወርቅ ገዢ በሚዛን መሸጡ አትራፊ ሆነ። ማሽኑ ተነቅሎ ይጣላል፣ ድንጋዩ ይሰበራል፣ ወርቁ ይቀልጣል። ክብደቱ የበዛው፣ ማለትም በቅርጹ ደፋር የነበረው፣ ለመቅለጥ የመጀመሪያው ነበር። ቀጭን የቆዳ ማሰሪያ ያለው ተራ ሰዓት ግን የሚቀልጥ ብዙ ወርቅ ስለሌለው ተረፈ። ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ወይም ጨረታ ላይ የምናየው ስብስብ በዚህ የተነሣ የዘመኑን ሙሉ መልክ አያሳይም።

የዘመኑ ማብቂያ ተደርጎ ሊወሰድ የሚችለው በ1979 ቫሽሮን ኮንስታንታን የሠራው ካሊስታ ነው። ሠዓሊው ሬይሞን ሞሬቲ የነደፈው ሲሆን 118 አልማዞች፣ በአጠቃላይ 130 ካራት ያህል አሉበት። ለመሥራት 6,000 ሰዓት ፈጅቷል። በእርግጥም ግዙፍ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ከ1969ኙ አምባሮች ጎን ሲቀመጥ የሚታየው ድንጋዩ እንጂ ቅርጹ አይደለም።

ኦሪጅናሉን መለየት

ከ1990ዎቹ ወዲህ ሰብሳቢዎች ወደ እነዚህ ሰዓቶች ተመልሰዋል፤ ዋጋቸው ሲጨምርም የተቀየሩና የተጠጋገኑ ሰዓቶች ወደ ገበያ መጥተዋል። መጀመሪያ የሚታየው የወርቅ ማኅተም ነው። በስዊዘርላንድ እስከ 1995 ድረስ ባለ 18 ካራት ወርቅ ላይ የሚመታው የሄልቬሺያ የሴት ራስ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በሴንት በርናርድ ውሻ ራስ ተተካ። ስለዚህ የ1970 ነው የተባለ ሰዓት ላይ የውሻ ራስ ከተገኘ ቤቱ ወይም አምባሩ ቆይቶ የተሠራ ነው ማለት ነው። በእንግሊዝ ወርቅ ላይ ደግሞ ዓመቱን የሚገልጽ ፊደል ይመታል።

ሁለተኛው ድንጋዩ ነው። የተሰነጠቀ የድንጋይ ፊት ሊጠገን ስለማይችል ብዙዎቹ በአዲስ ተተክተዋል። እዚህ ላይ ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኝ ነገር አለ። በዚያ ዘመን ለሰዓት ፊት የሚውለው ኦፓል በአብዛኛው ከአውስትራሊያ የሚመጣ ነበር። የኢትዮጵያ ኦፓል በዓለም ገበያ የታወቀው በመንዝ ከተገኘ በኋላ በ1990ዎቹ፣ በስፋት ደግሞ በ2008 በወሎ ወገልጤና አካባቢ ከተገኘ በኋላ ነው። የወሎ ኦፓል ውኃ የመምጠጥ ባሕርይ ስላለው ባለሙያ ሊለየው ይችላል። የ1970 ሰዓት ላይ የወሎ ኦፓል ካለ ድንጋዩ የተለወጠ መሆኑ አያጠራጥርም።

ሦስተኛው ርዝመት ነው። አምባሩ ከባለቤቷ ክንድ ጋር እንዲገጥም ሲባል ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ያጥራል፤ የተቆረጠው ቁራጭ ይቀልጣል፤ መልሶ ለማስረዘም ደግሞ የመጀመሪያውን ጭረት አስመስሎ የሚያወጣ እጅ ማግኘት ያስፈልጋል። ማሽኑ በርካሽ ኳርትዝ የተለወጠባቸውም አሉ፤ ይህ ከኋላ ክዳኑ ሲከፈት ወዲያው ይታወቃል። እንደ ፓቴክ ፊሊፕና ቫሽሮን ኮንስታንታን ያሉ ኩባንያዎች ከጥንት መዝገባቸው ላይ የማሽኑንና የቤቱን ቁጥር አይተው የተሠራበትን ጊዜ የሚገልጽ ወረቀት ይሰጣሉ።

የመጨረሻው ጉዳት በደግ ሐሳብ የሚደረገው ነው። ሰዓቱን ለሽያጭ ወይም ለበዓል የሚያዘጋጅ ሰው ወርቁን ያስወለውላል። በተለመደ ለስላሳ ሰዓት ላይ ይህ ትንሽ ጉዳት ነው፤ በእጅ የተፋቀ ወርቅ ላይ ግን መወልወያው በእያንዳንዱ ጊዜ የጭረቱን ጫፍ ይበላዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ የተወለወለ የዛፍ ቅርፊት አምባር ተራ ለስላሳ አምባር ይሆናል፤ ክብደቱም ከበፊቱ ብዙ አይቀንስም።